ተፎካካሪን መመዘን፤ የጋምቤላው ደጋፊና አዲሱ የውድድር ዘመን

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በጋምቤላ ከተማ ነሐሴ አልቆ ጳጉሜን ሲገባ የባሮ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ከኢሉባቦር ደጋ የወረደው የክረምት ውሃ ደፍርሶና ከብዶ በድልድዩ ሥር ያልፋል። በዚያው ሰሞን በከተማይቱ ሻይ ቤቶች የእግር ኳስ ወሬ ይሞላል። ያለፈው የውድድር ዘመን ሒሳብ ተዘግቶ አዲሱ ገና አልተከፈተም፤ ክለብ ሁሉ እኩል ዜሮ ነጥብ ይዞ የሚቆምበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ስለዚህም ደጋፊ የሆነ ሰው ሁሉ በዚህ ወቅት የሚመጣውን ዓመት በልቡ ይመዝናል፤ የራሱን ቡድን በአንድ በኩል፣ ተፎካካሪዎቹን በሌላ በኩል አድርጎ ማን እንደሚከብድ ለማወቅ ይጥራል።

መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ኳስ ደጋፊ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ደጋፊው በጳጉሜን የሚሠራውና መሐንዲሱ በወረቀቱ ላይ የሚሠራው በመሠረቱ አንድ ነው። ሁለቱም ገና ያልደረሰን ነገር አስቀድመው ይገምታሉ። መሐንዲሱ ድልድዩ ሳይቆም የሚያልፍበትን መኪና ክብደት፣ ክረምቱ ሳይገባ ወንዙ የሚደርስበትን ከፍታ ይገምታል። ደጋፊውም አንድ ኳስ ሳይመታ የዓመቱን መጨረሻ ይገምታል። የሁለቱም ግምት ትክክል የሚሆነው ሚዛኑ ትክክል ሲሆን ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ የሚዛኑ ትክክለኛነት ከምን እንደሚገኝ ማመልከት ነው።

በምሳሌነት የሚቀርበው ደጋፊ የውሃ ፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እርሱን የመሰሉ ሰዎች በጋምቤላም በሌላም ከተማ ብዙ ስለሆኑ ደጋፊው ብሎ መጥራት ይበቃል። ዕድሜው 45 ዓመት ያህል ነው፤ በትውልዱ አኝዋ ሲሆን ተወልዶ ያደገው በከተማይቱ ውስጥ ነው። የሚደግፈው የኢትዮጵያ ቡናን ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ አንድ ባለ መስመር ደብተር ይገዛል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የክለቦቹን ስም ከላይ ወደ ታች ይጽፋል፤ በየስማቸውም ትይዩ አራት ዓምድ ያሰምራል። አንደኛው ዝና፣ ሁለተኛው ያለፈው ዓመት ጉልበት፣ ሦስተኛው ሜዳና አየር፣ አራተኛው ገንዘብ ነው። ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ይሰጥና ይደምራል።

ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር ሰው የአዲስ አበባን ክለብ እንደ ራሱ የሚቈጥርበት ምክንያት አለው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቅዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ከጎሬና ከአካባቢው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወርዶ በጋምቤላ ወደብ በእንፋሎት መርከብ ይጫን ነበር፤ ከዚያም ወንዙ በሞላባቸው ወራት በሶባትና በነጭ አባይ አድርጎ እስከ ካርቱም ይደርስ ነበር። ጣቢያው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የደጋፊው አያት በዚያ ወደብ የቡና ጆንያ ተሸካሚ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ክለብ ቡና በሚለው ስም መጠራቱ ለዚህ ቤተ ሰብ እንግዳ ነገር አልሆነም። አያቱ በትከሻቸው የተሸከሙትን ነገር የልጅ ልጁ በመለያ ላይ አየው።

ወደ ደብተሩ እንመለስ። የመጀመሪያው ዓምድ ዝና ነው። በዚህ ዓምድ ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚወዳደር የለም። ክለቡ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ በአገሪቱ ካሉት ክለቦች ሁሉ ብዙ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውም እርሱ ነው። ደጋፊው ፈረሰኞቹን ባይወድም ለብዙ ዓመታት በዚህ ዓምድ ከ10 አሥሩን ሲሰጣቸው ኖሯል። ለራሱ ቡድንም ሳይሰስት ይሰጣል፤ ምክንያቱም ቡና በ1990 ዓ.ም. የካይሮውን አልአህሊን ከአፍሪካ የክለቦች ውድድር ማስወጣቱንና በ2003 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ማንሣቱን መቼም አይረሳም።

ይሁን እንጂ ዝና ምን ዓይነት ክብደት ነው? መሐንዲሶች ቋሚ ጭነትና ተለዋዋጭ ጭነት ብለው ይለያሉ። ቋሚው ጭነት የራሱ የሕንፃው ክብደት ነው፤ ዛሬም ነገም አይለወጥም። ተለዋዋጩ ግን ሰው ሲገባ የሚጨምር፣ ሲወጣ የሚቀንስ ነው። አንድን ወለል የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ያልታሰበው ተለዋዋጭ ጭነት ነው። የክለብ ዝናም እንዲሁ ቋሚ ጭነት ነው። በመደርደሪያው ላይ ያለው ዋንጫ ለመጪው እሑድ ጎል አያገባም።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። ሊጉ በአሁኑ ስያሜው ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. እስከ 2009 ዓ.ም. ባሉት 20 የውድድር ዘመናት ሻምፒዮን የሆኑት ክለቦች 5 ብቻ ናቸው። እነርሱም መብራት ኃይል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሐዋሳ ከተማ፣ ኢትዮጵያ ቡናና ደደቢት ናቸው። በዚያ ዘመን ዝናን አይቶ የሚተነብይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳትም ነበር፤ ጊዮርጊስ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ያገኝ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 ዓ.ም. መቀሌ 70 እንደርታ፣ በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድን ሻምፒዮን ሆኑ። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይፈጸም ተሰርዟል። እንግዲህ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በተጠናቀቁት 7 ዘመናት 6 የተለያዩ ክለቦች ሻምፒዮን ሆነዋል ማለት ነው። ቀድሞ በ20 ዓመት 5 የነበረው በ7 ዘመን 6 ሆነ።

ከእነዚህ መካከል ጅማ አባ ጅፋርና ንግድ ባንክ ዋንጫውን ያነሡት ከታችኛው ሊግ ባደጉበት በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ይህ ነገር በዓለም ላይ ብርቅ ነው። በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ፎረስት በ1970 ዓ.ም.፣ በጀርመን አገር ካይዘርስላውተርን በ1990 ዓ.ም. እንዲሁ ባደጉ በዓመታቸው ሻምፒዮን ስለ ሆኑ እስከ ዛሬ በተአምር ይነገርላቸዋል። በኢትዮጵያ ግን በ7 ዘመን ውስጥ ሁለት ጊዜ ተፈጽሟል። በሌላ በኩል ደግሞ ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ባነሣ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከሊጉ ወረደ። በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረው ደደቢትም በ2011 ዓ.ም. ወርዷል። ጉልበት የሚመጣው በፍጥነት እንደሆነ ሁሉ የሚሄደውም በፍጥነት ነው።

ደጋፊው ይህን ትምህርት በዋጋ ገዝቶታል። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጅማን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ጽፎት ነበር፤ አዲስ ገቢን ማን ይፈራል ብሎ። በ2016 ዓ.ም. መግቢያም ለንግድ ባንክ ያንኑ አደረገ። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ አንድ ጊዜ የወደቀበትን ጉድጓድ ያውቀው ነበርና። ከዚህ በኋላ የዝናን ዓምድ ከ10 ወደ 3 ዝቅ አድርጎ ያለፈውን ዓመት ጉልበትና ገንዘብን ከፍ አደረገ።

ሦስተኛው ዓምድ ሜዳና አየር ነው። ቀድሞ ክለቦች በየከተማቸው በሚጫወቱበት ዘመን ይህ ዓምድ እጅግ ከባድ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ተጫዋች በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሽ ያጥረዋል። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ የደጋውን ተጫዋች ያዝለዋል። የጋምቤላ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ከተማው የምትገኘው ወደ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋልና አየር በሰው ጉልበት ላይ ምን እንደሚሠራ በየዓመቱ በገላው ያየዋል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሊጉ ክለቦቹን ሁሉ በአንድ ከተማ ሰብስቦ በተራ ማጫወት ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ውድድሩን በየተራ አስተናግደዋል። በዚህ አሠራር የሜዳ ባለቤትነት የሚባለው ብልጫ በእጅጉ ቀነሰ፤ የአየሩ ሁኔታ ግን አልቀረም። በአንድ ከተማ ለሳምንታት የሚሰነብት ቡድን አየሩን ይለምደዋል፤ ሆኖም ሜዳው በተከታታይ ጨዋታ ይደክማል፤ የኳሱ አሠራርም ይለወጣል። ስለዚህ ደጋፊው በሦስተኛው ዓምድ የሚጠይቀው ጥያቄ የማን ሜዳ ነው የሚለው መሆኑ ቀርቶ የትኛው ቡድን ለዚያ ሜዳ ተስማሚ ነው የሚለው ሆነ።

በዚሁ በ2013 ዓ.ም. ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ስለ ጀመሩ ሌላ ትልቅ ለውጥ መጣ። ከዚያ በፊት የጋምቤላው ደጋፊ ሊጉን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በራዲዮ ነበር። አንድ ተከላካይ ቀርፋፋ መሆኑን የሚያውቀው ሌላ ሰው ስለ ነገረው እንጂ አይቶ አልነበረም። አሁን ግን ሻይ ቤት ተቀምጦ በዐይኑ ያያል። በዚህም የተነሣ ግምቱ ከወሬ ወደ ምስክርነት ከፍ አለ። ይሁን እንጂ በየሳምንቱ የማያየው ጨዋታ አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚቋረጥበት ቀን አለና። በዚያን ጊዜ የደብተሩን ባዶ ቦታ በስሚ ስሚ ይሞላው ነበር። ለተፎካካሪ ቡድን የሚሰማው ክፉ ወሬ ቶሎ ይታመናል፤ ለራሱ ቡድን የሚሰማው መልካም ወሬም እንዲሁ።

የሚዛኑ ዋና ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። የመለኪያ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለው። አንደኛው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ስሕተት ነው፤ ደጋግሞ በመለካት ይታረማል። ሁለተኛው ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ስሕተት ነው። ሚዛኑ ባዶውን ሳለ በዜሮ ላይ ካልቆመ ሺህ ጊዜ ቢመዝኑበት ሺህ ጊዜ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። የደጋፊ ልብም እንዲህ ያለ ሚዛን ነው። የራሱን ቡድን ያስቀመጠበት ወገን ገና ምንም ሳይጫንበት ዝቅ ብሏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው በየዓመቱ መግቢያ ቡናን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ሳያስቀምጥ ቀርቶ አያውቅም። ይህንንም የሚያደርገው ለማታለል ብሎ አይደለም፤ ወደ አንድ ወገን ያደላ ሚዛን ለባለቤቱ ትክክል መስሎ ስለሚታየው ነው።

ይህን ስሕተት ያረመው ሌላ ሰው ነው። ሰውየው በከተማይቱ የሚያስተምር መምህር ሲሆን በትውልዱ ኑዌር፣ በድጋፉ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በአዲስ አበባ ተማሪ ሳለ ስታዲየም እየገባ ፈረሰኞቹን መደገፍ ጀመረ፤ ወደ አገሩም ሲመለስ ድጋፉን ይዞት ተመለሰ። ደጋፊው በዕድሜ ስለሚበልጠው መምህሩ ጋሼ ይለዋል፤ እርሱም በአጸፋው መምህር ብሎ ይጠራዋል። በአንድ ሻይ ቤት ይገናኛሉ። ለብዙ ጊዜ ንግግራቸው ከቀልድና ከመነካካት አያልፍም ነበር። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በከተማይቱ ልጆች መኩራት ነው። ኡመድ ኡኩሪ ለመከላከያና ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውቶ ወደ ግብፅ በመሻገር ለአሌክሳንድርያው ኢትሃድ ሲሰለፍ፣ ጋቶች ፓኖምም ከኢትዮጵያ ቡና ተነሥቶ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሩሲያው አንዢ ሲሄድ፣ በዚያ ሻይ ቤት ደስታው የሁሉም ነበር። ኡመድ የሚለው ስም በአኝዋ፣ ጋቶች የሚለው ስም በኑዌር ዘንድ የተለመደ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በዚያን ቀን ግን ለይቶ የቈጠረ አልነበረም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጋምቤላ ክልል በጥር 2008 ዓ.ም. በአኝዋና በኑዌር ወገኖች መካከል በተነሣ ግጭት ሕይወት ጠፍቷል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማይቱ ራስዋ የተኩስ ቦታ ሆና ውላለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ከሠፈሩ ወደ ሌላው ሠፈር መሻገር ይፈራል፤ ሻይ ቤቱም ይዘጋል። የአማርኛው ባላንጣ የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል፤ በጨዋታ ለሚፎካከርም፣ በደም ለሚፈላለግም ይነገራል። ቋንቋው ያቀራረባቸውን እነዚህን ሁለቱን መለየት የተናጋሪው ፋንታ ነው። ጠላት የሚባለው እንዲጠፋ የሚፈለግ ሰው ነው። ተፎካካሪ ግን በሚመጣው ዓመት ተመልሶ እንዲመጣ ግድ ይላል፤ እርሱ ከሌለ ውድድር የለምና።

ሊጉ ራሱም ይህን ልዩነት የዘነጋበት ዘመን ነበረው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በደጋፊዎች መካከል በተነሣ ጠብ ጨዋታዎች ተቋርጠዋል፤ በጸጥታ ስጋት ምክንያትም በገለልተኛ ሜዳ የተካሄዱ ነበሩ። የክለብ ስም ለብሔር ጠብ መጠሪያ ሆኖ ነበር ለማለት ይቻላል። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ወጡ። መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው። ደጋፊው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በደብተሩ ግርጌ ለሦስቱ ክለቦች ሦስት መስመር ባዶ ይተው ነበር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ያልተጫወተ ቡድን ሊመዘን አይችልም፣ የሌለ መስሎ ግን መጻፍ የለበትም ብሎ ይመልስ ነበር።

ደብተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መምህሩ እጅ የገባው በዚሁ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ደጋፊው ስለ ተመላሾቹ ክለቦች የሚጽፈው ቢያጣ መምህሩን ጠየቀ፤ መምህሩም መልስ ከመስጠቱ በፊት ሙሉውን ገጽ ለማየት ፈቀደ። አገላብጦ ካየ በኋላ እንዲህ አለ።

«ጋሼ፣ ለጊዮርጊስ የሰጡት ነጥብ አነሰ ብዬ አልከራከርም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች በዐይንዎ ያዩት የትኛውን ነው?»

ደጋፊው በቅን ልቡና ቈጠረ። ከጻፋቸው ግምቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ባላያቸው ጨዋታዎች ላይ የተመሠረቱ ሆነው ተገኙ። መምህሩም የራሱን ደብተር በማግሥቱ ይዞ መጣ። ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ያልታሰበ ነገር ታየ። ሁለቱ ሰዎች የሚኖሩት በተለያየ ሠፈር ነው፤ ማታ ማታም ጨዋታ የሚያዩት በየሠፈራቸው ነው። ኤሌክትሪክ በአንደኛው ሠፈር ሲቋረጥ በሌላው ይበራ ነበርና፣ በአንዱ ደብተር ባዶ የነበረው በሌላው ተሞልቶ ተገኘ። አንዱ ያላየውን ሌላው አይቶታል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዓመቱ መግቢያ ሁለቱ ሰዎች ደብተራቸውን ይለዋወጣሉ። ደንብም አውጥተዋል። ያላዩትን ጨዋታ የሌላው ምስክርነት ካላረጋገጠው አይጽፉም። ለራሳቸው ቡድን ነጥብ የሚሰጡት እነርሱ አይደሉም፤ ለቡና የሚሰጠው መምህሩ፣ ለጊዮርጊስ የሚሰጠው ደጋፊው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም ተቀያየሙ። ደጋፊው ቡና ስድስተኛ ሆኖ ሲጻፍ ደብተሩን አጥፎ ሊሄድ ዳድቶት ነበር። ቈይቶ ግን ምክንያቱን ጠየቀ፤ መምህሩም ያያቸውን ጨዋታዎች አንድ በአንድ እየጠራ አስረዳው። በተራው ደጋፊው ለጊዮርጊስ ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጠና ያለፉትን ዘመናት ሒሳብ አቀረበለት፤ የጥንት ዋንጫ ቋሚ ጭነት እንጂ የዘንድሮ ጉልበት እንዳልሆነ መምህሩም ተቀበለ።

ይህ አሠራር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። አንድ የድልድይ ወይም የሕንፃ ስሌት በሠሪው ብቻ ተፈርሞ አይወጣም፤ በሥራው ያልገባ ሌላ ባለሙያ ይመረምረዋል። መርማሪው ሠሪውን ስለሚጠላ አይደለም፤ ሠሪው የራሱን ስሕተት ለማየት ከሁሉ የሚርቅ ሰው ስለሆነ ነው። ከመርማሪም ሁሉ የተሻለው ለማመን የማይቸኩለው ነው። ደጋፊው ይህን መርማሪ ያገኘው ከወዳጆቹ መካከል አልነበረም። የቡና ደጋፊ የሆኑት ጓደኞቹ ደብተሩን ባሳያቸው ጊዜ ሁሉ ያመሰግኑት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላረሙትም። ያረመው ተፎካካሪው ነው።

ይሁን እንጂ ተፎካካሪ መርማሪ ሊሆን የሚችለው በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ እስከተቻለ ድረስ ብቻ ነው። ከሠፈር ወደ ሠፈር መሻገር በሚያስፈራበት ጊዜ ሁለተኛው ደብተር አይመጣም። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ግማሽ ይዞ ይቀራል፤ ባዶውን ቦታም በወሬ ይሞላዋል፤ ለሌላው ወገን የሚሞላው ወሬም መልካም ወሬ አይሆንም። በኳስ ይህ የሚያስከትለው የተሳሳተ ትንበያ ብቻ ነው። በከተማ ኑሮ ግን ስለ ጎረቤት የሚያዝ የተሳሳተ ግምት ምን እንደሚያስከትል ጋምቤላ በ2008 እና በ2014 ዓ.ም. አይታዋለች። ከግጭቱ በኋላ በሻይ ቤቱ ሁለቱ ወገኖች ተመልሰው ሲቀመጡ ከሁሉ በፊት የተነጋገሩት ስለ ኳስ መሆኑ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም። ሌላውን ነገር ለመናገር አንደበት በሚከብድበት ጊዜ ማን ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የጠየቀም ሰው የሌላውን ግምት እስከ መጨረሻው መስማት ይኖርበታል።

ይህ ሲባል ኳስ ጠብን ያበርዳል ተብሎ በደፈናው ሊደመደም አይገባውም። የሊጉ የ2010 እና የ2011 ዓ.ም. ታሪክ ተቃራኒውንም ያሳያልና። ኳሱ ራሱ ለፍቅርም ለጠብም የሚሆን መሣሪያ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የሚመዝነው ሰው ነው። የተፎካካሪውን ብርታት ብርታት ብሎ የሚጽፍ ሰው ሲሸነፍ ምክንያቱን ያውቃል፤ ሲያሸንፍም ያሸነፈው ማንን እንደሆነ ያውቃል። የተፎካካሪውን ብርታት ደብቆ የሚጽፍ ግን ሲሸነፍ ተበደልኩ ይላል፤ ከዚያም ዳኛውን፣ ቀጥሎም የተፎካካሪውን ወገን ሁሉ ይከሳል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው በዚህም ላይ ይሠራል፤ ጠቡ የሚጀምረው ሜዳው ላይ ሳይሆን ደብተሩ ላይ በተጻፈው ንቀት ነው።

ክቡራን ባልደረቦች፣ የመሐንዲስ ሥራ አብዛኛው ክፍል ከሌላው መሥሪያ ቤት፣ ከሌላው ተቋራጭ፣ ከሌላው አማካሪ ጋር በመፎካከር የሚሠራ ነው። በጨረታ የሚቀርበውን የሌላውን ዋጋና ዕቅድ ማቃለል የተለመደ ነው፤ የራስን ስሌት ለሌላ ዐይን ማቅረብም እንደ ድክመት ይቈጠራል። ከጋምቤላው ሻይ ቤት የሚገኘው ትምህርት የዚህ ተቃራኒ ነው። የራስን ሥራ የሚመረምር ሰው ሲፈለግ ከሚያመሰግኑት ይልቅ ከሚፎካከሩት ዘንድ መፈለግ ይሻላል፤ ያላዩትን ላለመጻፍ መድፈር ያስፈልጋል፤ ከውድድሩ ለጊዜው ለወጣውም በደብተሩ ላይ ቦታ መተው ይገባል።

ደጋፊውና መምህሩ ስለ አዲሱ ዘመን የሰጡት ግምት ይፈጸም ወይም አይፈጸም ገና የሚታይ ነው። በ7 ዘመን 6 ሻምፒዮን ባስገኘ ሊግ ውስጥ ትንቢት መናገር አስቸጋሪ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። ስለዚህ በየደብተራቸው መጨረሻ ገጽ አንድ መስመር ሳይሞሉት ይተዋሉ፤ ማንም ላላሰበው ቡድን የተቀመጠ ቦታ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ቀንም በየትኛው ሠፈር ኤሌክትሪክ እንዳለ አስቀድመው ይጠያየቁና መብራት ወዳለበት ሠፈር አብረው ይሄዳሉ።